ለልጄ፣ ስለ 24ቱ ቋንቋዎች

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ፈተናው እንዴት እየሄደልሽ ነው? እኔ ደህና ነኝ። እሁድ የቋጠርኩልሽን ድርቆሽ ጠረጴዛ ላይ ትተሽው ሄደሻል፤ አስቀምጬልሻለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ቡና ላይ ያነሳሽው ነገር ከራሴ አልወጣ ብሎኝ ነው። «እማ፣ አውሮፓ አንድ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ያስፈልጋታል። እንግሊዝኛ ይሁን ተብሎ ይለቅ» አልሽኝ። ልመልስልሽ ስል ቃል አጠረኝ። ክርክሩን በፈረንሳይኛ ጀምረሽው ነበርና። በፈረንሳይኛ ስንከራከር ሁሌም አንቺ ታሸንፊያለሽ። ሐሳብ አጥቼ አይደለም። እኔ አንዱን ቃል እስካገኘው አንቺ ሦስት ነገር ተናግረሽ ትጨርሻለሽ። ስለዚህ ዛሬ በአማርኛ ልጻፍልሽ።

ያልሽውን አልናቅኩም። የአውሮፓ ኅብረት 24 ኦፊሴላዊ ቋንቋ አለው፣ ብዙ ነው። እያንዳንዱ ወደ ሌሎቹ 23 ሲተረጎም 552 አቅጣጫ እንደሚሆን በስልክሽ አባዝተሽ አሳየሽኝ። ለትርጉም በዓመት 1 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ይወጣል ያልሽውም ልክ ነው። ግን ገንዘቡን ለሕዝቡ አካፍዪው እስቲ። ለአንድ ሰው 2 ዩሮ አካባቢ ነው። ብራስልስ ውስጥ በ2 ዩሮ ቡና እንኳ የሚሸጥልሽ ስንት ቦታ አለ?

ደግሞ እኔ እነዚያን አስተርጓሚዎች በሩቁም ቢሆን አውቃቸዋለሁ። 11 ዓመት ማታ ማታ የኅብረቱን የስብሰባ አዳራሽ ሳጸዳ የምደርሰው እነሱ ከወጡ በኋላ ነው። አዳራሹን ዙሪያውን የከበቡ የመስታወት ክፍሎች አሉ። በየበሩ ላይ የቋንቋው ስም ተለጥፏል። ውስጥ ሁለት ሦስት ወንበር፣ ማዳመጫ፣ ግማሽ የተጠጣ ውሃ፣ ቁርጥራጭ ወረቀት። ወረቀቱ ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። 1.4፣ 38፣ 2027። ቃል የለውም። አንድ ማታ ኮቷን ረስታ የተመለሰች አስተርጓሚ ምን እንደሆነ ነገረችኝ። አንዷ ስትናገር ጓደኛዋ አጠገቧ ተቀምጣ ቁጥር ትጽፍላታለች። ሐሳብ በጆሮ ይያዛል፣ ቁጥር ግን ያመልጣል አለችኝ። አእምሮ ስለሚዝል በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየራሉ። ከማልታኛ በቀጥታ ወደ ፊንላንድኛ የሚመልስ ሰው ከሌለ፣ አንዱ ወደ እንግሊዝኛ ያመጣዋል፣ ሌላው ከዚያ ይቀበለዋል።

ከዚያ ቀን በኋላ ወረቀቶቹን ስጥል እጄ ሳሳ። አንድ ሰው ከላትቪያ ገጠር ተመርጦ መጥቶ፣ እናቱን በሚያናግርበት ቋንቋ ስለ ወተት ዋጋ እንዲከራከር ብለው ነው እንዲያ የሚደክሙት።

አንቺ የሕግ ተማሪ ነሽና ይህን ታውቂው ይሆናል። በፈረንጆቹ 1958 የዛሬው ኅብረት መነሻ የሆነው የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ሥራ ሲጀምር ያወጣው የመጀመሪያው ደንብ፣ ቁጥር 1 የሚባለው፣ ስለ ቋንቋ ነው። ከዚያ በፊት ያወጡት ደንብ የለም። ስድስት አገሮች ነበሩ፣ አራት ቋንቋ ጻፉ፤ ደች፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ጣልያንኛ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና 13 ዓመቱ ነበር። ጀርመንኛ መስማት የሚያንገሸግሻቸው ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ያኔ «ካሸነፉት ወገን የአንዱ ቋንቋ ይሁን» ማለት ቀላል ነበር። አላሉም። ዛሬም ማንኛውም ዜጋ ለኅብረቱ በ24ቱ በአንዱ ጽፎ በዚያው ቋንቋ መልስ ማግኘት መብቱ ነው።

አሁን ደግሞ ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ።

9 ዓመትሽ ነበር። ጡቴ ላይ እብጠት አግኝቼ ሐኪም ቤት ይዤሽ ሄድኩ። አስተርጓሚ አልነበረም። ፈረንሳይኛዬ ዳቦ ከመግዛት አያልፍም ነበር፤ አንቺ ግን ትምህርት ቤት ገብተሽ እንደ ወፍ ትንጫጪ ነበር። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ አወራሽ። አንቺ የጃኬትሽን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች ታደርጊ ነበር። ጆሮሽ ቀላ። ከዚያ ዞር ብለሽ «እማ፣ ደህና ነው ይላል። ሌላ ቀን ነዪ ይላል» አልሽኝ። ይኼው ነው። ያን ሁሉ ያወራው ሰውዬ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆነ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ደብዳቤ መጣ፤ ጎረቤታችን አነበበችልኝ። ናሙና ተወስዶ ለካንሰር መመርመር እንዳለበት ያን ቀን ነግሮሽ ኖሯል። ደግነቱ ምንም አልሆነም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ተኝተሽ ያን ቃል ብቻሽን ተሸክመሽው ነበር። ተቆጥቼሽ አላውቅም፣ ዛሬም አልቆጣም። ያን ቀን የገባኝ ነገር ግን አለ። በምትኖሪበት አገር ሕግና ሐኪም በማይገባሽ ቋንቋ ከሆነ፣ ልጅሽ እናትሽ ትሆናለች። ሐኪሙ እንኳ እያየ የነበረው አንቺን ነው እንጂ እኔን አልነበረም።

መልስሽ ይታየኛል። «ታዲያ አንድ ቋንቋ ቢሆን ይህ ሁሉ አይቀርም ነበር?» ትዪኛለሽ። አይደለም፣ ሆዴ። እኔ ተነስቼ ወደዚህ አገር መጣሁ። ቋንቋውን መማር ዕዳዬ ነበር፣ ዘግይቼም ቢሆን ከፍዬዋለሁ። ያ የላትቪያ ገበሬ ግን የትም አልሄደም። አያቱ በተወለደበት ቤት ተቀምጦ ነው አንድ ቀን ሕጉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚባለው። በገዛ ቤቱ ስደተኛ ይሆናል። ከዚያ እሱም የልጅ ልጁን ጠርቶ «ምን ይላል?» ሊል ነው።

በ2012 ኅብረቱ ባስጠናው ጥናት፣ እንግሊዝኛ የእናት ቋንቋቸው ሳይሆን በእንግሊዝኛ ወግ መያዝ የሚችሉት ከመቶ 38 ነበሩ። ዛሬ ቁጥሩ ከዚያ በልጧል፣ ወጣቱ በተለይ። ጥሩ ነው። ይማሩት። ሰው ለመግባባት እንግሊዝኛን ቢመርጥ እኔ ምን ከፋኝ? አንቺስ ከስፔን ጓደኛሽ ጋር በምን ታወሪያለሽ? መግባቢያ ሌላ ነው፣ የሚከሱሽና የሚያስከፍሉሽ ቋንቋ ሌላ ነው። እኔ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

እንግሊዝ በ2020 ከኅብረቱ ስለወጣች እንግሊዝኛ የማንም አይደለም፣ ገለልተኛ ነው ያልሽውም አልተዋጠልኝም። እንግሊዝኛ የሚናገሩትን አየርላንዶች ረሳሻቸው? ደግሞ ቋንቋው የማንም ቢሆን ባይሆን፣ ለልጁ የግል አስተማሪ መቅጠር የቻለውና ያልቻለው በእሱ ፊት እኩል አይደሉም።

ገለልተኛ ቋንቋ ካልሽ አንድ ታሪክ አለ። ሀንጋሪ ውስጥ የመንግሥት ሥራ ለዘመናት በላቲን ነበር የሚሠራው። ላቲን የማንም የእናት ቋንቋ ስላልሆነ ጎረቤት ከጎረቤት አያጣላም ነበር። በ1784 ሀንጋሪን ይገዛ የነበረው የሐብስበርግ ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ ላቲን ይቅር፣ ጀርመንኛ ይሁን ብሎ አዘዘ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ እንዲቀልጥፍለት ነው የፈለገው፣ ልክ እንዳንቺ። አገሩ ተነሳበት። በ1790፣ ሊሞት ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ትእዛዙን ራሱ ሻረው። ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። በ1844 ሀንጋሪዎች በተራቸው የራሳቸውን ቋንቋ የመንግሥት ቋንቋ አደረጉ። በእነሱ ሥር የነበሩት ክሮአቶች ሀንጋሪኛን ላለመቀበል ምክር ቤታቸው ውስጥ እስከ 1847 ላቲን የሙጥኝ ብለው ቆዩ። አስቢው፤ የሞተ ቋንቋ መጠለያ ሲሆን።

ሩቅ ነው ካልሽ የምትማሪበትን ከተማ፣ ሉቨንን፣ እዪ። ቤልጅየም በ1830 ስትቆም አብዛኛው ሕዝብ ደች ተናጋሪ ነበር፤ የመንግሥቱ ቋንቋ ግን በተግባር ፈረንሳይኛ ብቻ። ደች በሕግ እኩል የሆነው በ1898 ነው። ያ ቁስል እየቆየ ሲመግል፣ በ1968 ሉቨን ላይ ደች ተናጋሪው ተማሪ «ዋሎኖች ይውጡ»፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ይውጡ ማለቱ ነው፣ እያለ አደባባይ ወጣ። መንግሥት ወደቀ። ዩኒቨርሲቲው ለሁለት ተከፈለ፣ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ሌላ ከተማ ከባዶ ሜዳ ላይ ተሠራላቸው። የቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍት እንኳ በመደርደሪያ ቁጥራቸው ተካፈሉ፤ 1፣ 3፣ 5 ለአንዱ፣ 2፣ 4፣ 6 ለሌላው። የአንድ ሥራ ቅጽ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ቀረ። መጽሐፍ ለመዋስ ስትገቢ ያን መደርደሪያ አስቢው። ሰው እንዲያ የሚሆነው ቋንቋ ስለበዛበት አይደለም። 68 ዓመት ቋንቋህ ከሕግ በታች ነው ስለተባለ ነው።

«አማርኛስ ኢትዮጵያን አላግባባም ወይ?» አልሽ። አግባብቷል። እኔ በአማርኛ ነው ያደግሁት፣ በእሱ ነው የማስበው፣ ለሌላ አልለውጠውም። አያትሽ ግን ከጉራጌ አገር ስትመጣ አማርኛ አታውቅም ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የመንግሥቱ ቋንቋ አማርኛ ነው ይላል። በቦታ ጉዳይ ተከሳ ፍርድ ቤት ቀረበች። የምታውቀው አንድ ቃል ነው፤ «እሺ»። ዳኛው ጠየቃት፣ እሺ አለች። ደግሞ ጠየቃት፣ እሺ። ቦታው በእሺ ሄደ። እስክትሞት ድረስ «ምን ብሎ ነበር የጠየቀኝ?» ትል ነበር። የምወደው ቋንቋዬ እናቴን እንዲህ አደረጋት። ስለዚህ ስለ አንድ ቋንቋ ሲወራ ዝም ማለት አልችልም፤ ያ አንዱ ቋንቋ የኔው ሆኖ አይቼዋለሁና።

አሁን ያለውም ፍጹም አይደለም፣ ይህን እቀበልሻለሁ። በወረቀት 24 ይባል እንጂ ውስጥ ውስጡን ሥራው የሚሠራው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ነው፣ በተለይ በእንግሊዝኛ። ማልታኛን የሚናገረው ግማሽ ሚሊዮን ሰው ገደማ ነው፣ ከ24ቱ አንዱ ነው። በስፔን የሚነገረውን ካታላንኛን ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ይናገራል፣ ከ24ቱ ግን የለበትም። ስፔን በ2023 ይግባልን ብላ ጠይቃለች። አንድ አገር ብቻ እምቢ ቢል ይቆማል። ይህ ያናድደኛል። ጉልበትሽን እዚህ ላይ ብታውዪው ደስ ይለኛል፤ ከ24 ወደ 1 ለማውረድ ከምትደክሚ፣ የቀሩትን ለማስገባት ድከሚ። የመንግሥታቱ መሪዎች በ2002 ባርሴሎና ላይ እያንዳንዱ ልጅ ከእናት ቋንቋው ሌላ ሁለት ይማር ብለው ነበር። አንቺ ሳትፈልጊውም እንዲያ ሆነሽ አድገሻል፤ ከመካከላቸው አንዱን ተዪ ብትባዪ የትኛውን መተው ትመርጫለሽ?

ሐሙስ የጉልበቴ ቀጠሮ አለኝ። ብቻዬን እሄዳለሁ፣ አትጨነቂ፤ የማላውቀው ቃል ካለ ሐኪሙን ወረቀት ላይ አጽፈዋለሁ። እሁድ ስትመጪ መልስሽን በአማርኛ ጽፈሽ አምጪልኝ። ፊደል ብትስቺ አላርምሽም። ድርቆሹም ይጠብቅሻል።

እናትሽ