«ፍላጎት የለውም» ከማለታችን በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር የሚነሳው ክርክር ተመሳሳይ ነው። ወላጅ ትምህርት ቤቱን ይወቅሳል፣ መምህሩ ወላጁን ይወቅሳል፤ ሁለቱ መስማማት ሲያቅታቸው ጥፋቱን ልጁ ላይ ጥለው ይለያያሉ። «የዛሬ ልጅ ለትምህርት ፍላጎት የለውም» ይባላል። ከትምህርት ቤት፣ ከወላጅና ከልጁ አመለካከት የልጁን ውጤት የሚወስነው የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ቅደም ተከተላቸውን የሚመለከት ነው። ትምህርት ቤት ልጁን ካለበት ደረጃ አንስቶ ያስተምራል፤ ወላጅ የልጁን ጊዜና እንቅልፍ ይጠብቃል፤ አመለካከት ከሁለቱ በኋላ ይመጣል። ፍላጎት ያጣ ልጅ ሲገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፍላጎቱ ከመጥፋቱ በፊት ትምህርቱ ጠፍቶበታል።

ጉዳዩ በቁጥር መጠናት ከጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1966 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በአሜሪካ በጄምስ ኮልማን መሪነት የወጣው ጥናት 4,000 ያህል ትምህርት ቤቶችንና 600,000 ያህል ተማሪዎችን የዳሰሰ ነበር። በትምህርት ቤቶች መካከል ያለው የሕንፃ፣ የቤተ መጻሕፍትና የቤተ ሙከራ ልዩነት የተማሪዎቹን የውጤት ልዩነት እምብዛም አላብራራም፤ የቤተሰብ ሁኔታ ግን በደንብ አብራርቷል። ልጁ «ዕጣዬ በእጄ ነው» ብሎ ማመኑም፣ በተለይ በተገለሉ ማኅበረሰቦች ልጆች ዘንድ፣ ከትምህርት ቤት መለኪያዎች ሁሉ በላይ ከውጤት ጋር ተቆራኝቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ «ትምህርት ቤት ለውጥ አያመጣም» ማለት የፈለገ ሁሉ ይህን ጥናት ይጠቅሳል።

ቁጥሩ ግን እንዲህ አላለም። ኮልማን የለካው በልጆች መካከል ያለው ልዩነት ከምን እንደሚመጣ ነው። ለማሳዎች ሁሉ እኩል ዝናብ ከዘነበ የምርታቸውን ልዩነት የሚያብራራው አፈሩ ይሆናል፤ እንዲህ ስለሆነ ግን «ዝናብ ለሰብል አያስፈልግም» የሚል ገበሬ የለም። ዝናቡ ራሱ ከቦታ ቦታ ሲለያይ ደግሞ ስሌቱ ይቀየራል። ስቲቨን ሄይነማንና ዊሊያም ሎክስሊ በ1983 የ29 አገሮችን መረጃ አነጻጽረው ያገኙት ይህንኑ ነው፤ አገሩ ድሃ በሆነ መጠን የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት በልጁ ውጤት ላይ ያለው ድርሻ ይጨምራል። መጽሐፍ ጨርሶ በሌለበት ክፍል አንድ መጽሐፍ የሚያመጣው ለውጥ፣ መደርደሪያው በሞላበት ክፍል ከሚያመጣው ጋር አይወዳደርም።

ስለ አመለካከት የሚባለውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ችሎታ በጥረት ያድጋል» የሚለውን እምነት ልጆች ላይ መትከል ውጤታቸውን ይለውጣል የሚለው ሐሳብ በየሥልጠናው ይሰበካል። በ2018 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ትንተና በዚህ እምነትና በትምህርት ውጤት መካከል ያገኘው አማካይ ዝምድና 0.10 ነበር፤ ፍጹም ዝምድና 1 ነውና ይህ በጣም ትንሽ ነው። በ2019 የታተመው ትልቅ የአሜሪካ ሙከራ ደግሞ ለ12,000 ያህል የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ከአንድ ሰዓት ያነሰ ትምህርት በኮምፒውተር ሰጥቶ፣ ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸውን ከ4 በሚሰላው አማካይ ነጥብ 0.1 ያህል ከፍ አድርጓቸዋል። ለአንድ ሰዓት ሥራ ይህ የሚናቅ አይደለም፤ እኔም አልንቀውም። ሆኖም ለውጡ በደንብ የታየው ጓደኞቻቸው ከባድ ጥያቄ መሞከርን በሚደግፉባቸው ትምህርት ቤቶች ነበር። ተማሪው የሰማውን ምክር የሚሞክርበት ክፍል ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ፍላጎት እንዴት እንደሚከስም ደረጃ በደረጃ ማየት ይቻላል። አንድ ልጅ በ2ኛ ክፍል ፊደል እየለቀመ ያነባል እንበል። ሰው በአንድ ጊዜ በሐሳቡ ይዞ ሊያቆየው የሚችለው አራት ያህል ነገር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይህ ልጅ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። በዚያ ዓመት ጉዳቱ አይታይም፤ መምህሯ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ክፍሉ ይቀበላታል፣ እሱም ምንባቡን በቃሉ ይዞ ከሌሎቹ ጋር ይላል። 4ኛ ክፍል ሲደርስ ሳይንሱም፣ ኅብረተሰቡም፣ የሒሳቡ የቃላት ጥያቄም በንባብ ይመጣበታል፤ የአንድ ትምህርት ጉድለት የነበረው የሁሉም ይሆናል። 5ኛ ክፍል ላይ እጁን ማውጣት ያቆማል። 6ኛ ላይ ወይ ይረብሻል ወይ ይቀራል፤ ያን ጊዜ «አመለካከቱ ተበላሸ» ይባላል። የንባብ ተመራማሪው ኪት ስታኖቪች በ1986 ለዚህ ሂደት ስም ያወጣለት «ላለው ሁሉ ይሰጠዋልና» ከሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል ወስዶ ነው። ቀድሞ ማንበብ የቻለ ልጅ ብዙ ያነባል፣ ብዙ በማንበቡም ይበልጥ ይችላል፤ ያልቻለው በየዓመቱ እየራቀው ይሄዳል።

በሒሳብም ነገሩ ያው ነው። 52 ሲቀነስ 27 ተብሎ 35 የሚጽፍ ልጅ አልሰነፈም፤ በአንድ ቤትም በአሥር ቤትም ትንሹን ከትልቁ የመቀነስ የራሱን ሕግ አውጥቶ በጥንቃቄ እየሠራበት ነው። 1/2 ሲደመር 1/3 ለሚለው 2/5 ያለው ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሯል። 0.35 ከ0.4 ይበልጣል ያለው 35ን ከ4 ጋር አወዳድሯል። መምህሩ ሦስቱም ላይ የስሕተት ምልክት አድርጎ ደብተሩን ከመለሰ ምንም አላረመም። ልጁ በዚያው ሕግ ነገ ሌላ 20 ጥያቄ ሠርቶ 20ውንም ይስታል፤ ከዚያ «ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም» ይላል፤ ከደረሰበት አንጻር ሲታይ ድምዳሜው ምክንያታዊ ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤት በዓመቱ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ሊሠራው የሚገባ አንድ ሥራ አለ። ልጁ አይቶት የማያውቀው 80 ያህል ቃላት ያሉት ምንባብ ይሰጠዋል። ጓደኞቹ በማይሰሙበት ቦታ ለ1 ደቂቃ ጮክ ብሎ ያነባል፤ መምህሩ የተሳሳቱትን ቃላት በራሱ ቅጂ ላይ እያሰመረ በትክክል የተነበቡትን ይቆጥራል። ከዚያ ልጁ ቀሪውን አንብቦ ይጨርስና 5 ጥያቄ ይጠየቃል፤ የሦስቱ መልስ በቀጥታ ምንባቡ ውስጥ ያለ፣ የሁለቱ ግን ታስቦ የሚገኝ ይሁን። ለአንድ ልጅ 4 ደቂቃ ይበቃል፤ 50 ልጆች ላሉት ክፍል 200 ደቂቃ፣ ለ10 የትምህርት ቀናት ሲከፈል በቀን 20 ደቂቃ ማለት ነው።

ከውጤቱ የሚነበበው ከቁጥሩ ይልቅ የስሕተቱ ዓይነት ነው። በትክክል ግን በዝግታ የሚያነብ ልጅ አንዱን ምንባብ በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ ማንበብ ይጠቅመዋል። ቃላትን አብዝቶ የሚሳሳት ልጅ ሳይሸማቀቅ ወደ ፊደላቱ ይመለስ። ፈጥኖ አንብቦ ጥያቄዎቹን መመለስ ያቃተው ልጅ ደግሞ ችግሩ የቃላት ዕውቀትና ግንዛቤ ነውና ፍጥነት ማለማመዱ ጊዜ ማባከን ነው። በሌላ ቋንቋ የተሠራ «በደቂቃ ይህን ያህል ቃል» የሚል ልክ እንዳለ መገልበጥም ስሕተት ነው። ተሳቢውም፣ ባለቤቱም፣ አሉታውም ተጣብቀው አንድ ቃል በሚሆኑበት ቋንቋ የጎበዝ አንባቢም የቃል ቁጥር ማነሱ አይቀርም።

ከምዘናው በኋላ ያለው ይከብዳል። በ1995 በሕንድ ሙምባይ ውስጥ የተመሠረተው ፕራታም የተባለ የትምህርት በጎ አድራጎት ድርጅት ልጆችን በዕድሜና በክፍል መመደቡን ለተወሰነ ሰዓት ትቶ፣ ፊደል ላይ ያለውን ከፊደል፣ ቃል ላይ ያለውን ከቃል፣ አንቀጽና ታሪክ የሚያነበውንም ከመሰሎቹ ጋር አድርጎ ያስተምራል፤ ዘዴው ተሳታፊዎቹ በዕጣ ተመርጠው በተደረጉ ሙከራዎች ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ሲገለበጥ የሚበላሸው ግን በታወቁ ቦታዎች ነው። ምድቡ በየጥቂት ሳምንቱ ካልተከለሰ «የሰነፎች ወንበር» ሆኖ ይቀራል። ዝቅተኛው ምድብ ለአዲስ መምህር ይጣላል፤ ሊሰጠው የሚገባው ግን ምርጡ መምህር ነበር። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ «መጽሐፉን ጨርስ» የሚለው ግፊት ነው፤ የሚገመገመው በሸፈነው ምዕራፍ ብዛት የሆነ መምህር፣ ክፍሉ እየተከተለው ባይሆንም ወደፊት ይሄዳል። ይህ በመምህሩ በጎ ፈቃድ የሚፈታ አይደለም፤ ርእሰ መምህሩ ሰዓቱን በፕሮግራሙ ላይ በጽሑፍ ሊያስገባለት ይገባል።

ክፍል ውስጥ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር ልጨምር። ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁበትን ጊዜ ስትለካ በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ሆኖ አገኘችው። ወደ 3 ሰከንድ ሲረዝም የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» ቀነሰ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። በ1 ሰከንድ ውስጥ የሚመልሱት ሁልጊዜ እነዚያው አራት አምስት ልጆች ናቸው፤ የቀሩት ማሰብ ሳይጀምሩ ጥያቄው ያልፋቸዋል።

ወደ ወላጅ ልምጣ። በ2009 የታተመ 50 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና በመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ እንዳሳየው፣ ከወላጅ ተሳትፎ ሁሉ ከውጤት ጋር ይበልጥ የተያያዘው ስለ ትምህርት ዋጋና ስለ ወደፊት ዕቅድ ከልጁ ጋር መነጋገር ነው። የቤት ሥራ ማገዝ ግን ወጥ ጥቅም አላሳየም። ከምክንያቶቹ አንዱ ወላጅ ለማገዝ የሚቀመጠው ልጁ አስቀድሞ ሲቸገር መሆኑ ነው፤ ሌላው «ላግዝህ» ብሎ የጀመረ ወላጅ ብዙ ጊዜ እርሳሱን ተቀብሎ መጨረሱ ነው። እንዲህ ሲሆን መምህሩ ነገ የሚያርመው የወላጁን ሥራ ነው፤ የልጁ ክፍተት ተሸፍኖ ያልፋል።

በተቃራኒው ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም የሚችለው፣ ጥቅሙም የተለካ ነገር አለ፤ «ደብተርህን ዝጋና የተማርከውን ንገረኝ» ማለት። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ 81 በመቶውን፣ ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት 75 በመቶውን አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት 42፣ ለማስታወስ የሞከሩት 56 በመቶ። ልጆች ደብተር እያገላበጡ ማንበብን የሚመርጡት ለጊዜው የገባቸው ስለሚመስላቸው ነው። ጥያቄው በዕለቱ ማታ፣ ከሁለት ቀን በኋላና በሳምንቱ ቢደገም 10 ደቂቃም አይፈጅም። ሲነግርህ ከቆመ አትሙላለት፤ ደብተሩን ከፍቶ ያቆመበትን ቦታ ራሱ ይፈልግ።

መቅረትንና እንቅልፍን ወላጆች አቅልለው ያያሉ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን መቅረት ሲሰሙት ትንሽ ነው፤ ከ180 የትምህርት ቀናት ግን 18ቱ ይጠፋሉ፣ ያውም ዓመቱን ሙሉ በጣጥሶ። ክፍልፋይ መደመር በተጀመረበት ቀን የቀረ ልጅ የቀጣዮቹንም ቀናት ትምህርት ከክፍል ውጭ እንዳለ ሰው ነው የሚሰማው። እንቅልፍ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ላለ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ካላደረ ይህ አይሞላም።

የወላጅ ስብሰባ ላይ የሚጠየቀውም ይቀየር። «ልጄ እንዴት ነው?» ለሚለው የሚመጣው «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይረብሻል» ነው፤ በዚያ ምንም መሥራት አይቻልም። ሳይቸገር የሚያነበው የስንተኛ ክፍል ምንባብ ነው? በዚህ ወር ደጋግሞ የሚሳሳተው የትኛውን ዓይነት ጥያቄ ነው? ቤት ውስጥ በቀን 10 ደቂቃ ቢኖረን ምን ላይ እናውለው? መምህሩ ወዲያው መልስ ባይኖረው እንኳ ለሚቀጥለው ጊዜ ደብተሩን በሌላ ዓይን ያያል።

አመለካከትን መመለስ የሚቻለውም እዚሁ ላይ ነው። ተስፋ የቆረጠን ልጅ በንግግር ማነቃቃት ለአንድ ቀን ይሠራል። ከ10 ጥያቄ 8 ያህሉን ሊመልስ ወደሚችልበት ደረጃ ወርዶ መጀመር፣ በየሳምንቱ በደቂቃ ያነበበውን ቃል ራሱ በወረቀት ላይ በነጥብ እንዲመዘግብ ማድረግ፣ «ጎበዝ» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ስትቀንስ ከአሥር ቤት መበደሩን አልረሳህም» ብሎ የሠራውን መጥቀስ፤ ይህ ለስድስትና ለስምንት ሳምንታት ሲቀጥል ልጁ ስለ ራሱ የሚያምነውን የሚቀይር ማስረጃ በእጁ ይይዛል። ደረጃውን ሳይለኩ የሚሰጥ ማበረታቻ ግን ይጎዳል። «ከጣርህ ትችላለህ» ተብሎ በማይደርስበት ጥያቄ ላይ አንድ ወር የጣረ ልጅ፣ በመጨረሻ የሚደመድመው ጥረትም እንደማይጠቅመው ነው።

ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። የትምህርት ቤቶችን የማለፊያ መቶኛ ስትዘግቡ ሦስት ቁጥሮች አብራችሁ ጠይቁ። ለፈተና ከተቀመጡት ጋር በመጀመሪያው ክፍል የተመዘገቡት ስንት ነበሩ? በመካከል የለቀቁት ወይም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተላኩት ስንት ናቸው? ሲገቡስ በምን ደረጃ ላይ ነበሩ? ጎበዞችን በመግቢያ ፈተና መርጦ 98 በመቶ ያሳለፈና የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ 70 በመቶ ያሳለፈ ትምህርት ቤት በአንድ ሰንጠረዥ ላይ በአንድ ቁጥር ሲቀመጡ፣ አንባቢ ከሁለቱ የትኛው እንዳስተማረ ማወቅ አይችልም።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ