እማዬ፣ ስለ ጓዳው ግድግዳ

ነሐሴ 8፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ፍልሰታ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ ሁለተኛ ጥርሷን አወለቀች። ጣራ ላይ እንወርውረው ብላ አለቀሰች፤ አፓርታማ ላይ ጣራ ከየት ይመጣል? ያንቺን ቆርቆሮ በቪዲዮ አይታዋለች፣ ጥርሱን ለአያቴ ላኩላት ትላለች።

እሑድ ስናወራ «ብርድ ነው፣ ያልፋል» እያልሽ ሳልሽን በነጠላሽ ስትሸፍኚ ከኋላሽ ያለውን ግድግዳ አየሁት። ከራስጌሽ እስከ መስኮቱ ጥቁር ነጠብጣብ። «ጭስ ነው» አልሽኝ። እዚያ ጓዳ ውስጥ እሳት ከነደደ ስንት ዓመቱ? ሻጋታ ነው እማዬ። አስራ አንድ ዓመት የተኛሁበት ክፍል ነው፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

አቡሽ ቀለም ልቀባው ነው አለኝ። እንዳይቀባው። ቀለሙ ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚያበቅለው ውሃው ነው። አሸንዳው ከተቀደደ ጀምሮ የጣራው ውሃ ሁሉ ግድግዳው ሥር ይወርዳል። ደግሞ ያ የሲሚንቶ ልስን! ገንዘቡን የላክኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔም ነው። ጭቃ በጭቃ ሲለሰን የጠጣውን ውሃ ፀሐይ ሲወጣ ይተፋዋል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አሸንዳው ይጠገን፣ ከግድግዳው ሥር ቦይ ይቆፈር፣ የአባዬ ሳጥን ከግድግዳው ፈቀቅ ይበል። የጥጥ ፍራሹ ይጣል። አውቅሻለሁ፣ ፀሐይ ላይ ታሰጪዋለሽ። ውስጡ የገባው በፀሐይ አይወጣም፤ የሞተ ሻጋታም ያስላል። ግድግዳው ሲፈገፈግ አንቺ ጎረቤት ዋዪ። አቡሽ ማስክ ያድርግ፣ በረኪናውንም ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳይቀላቅለው፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ከየት አመጣሽው እንዳትይኝ። አምና የተከራየነው ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ያለው ቤት፣ ውሃ ገባው። በ48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ይሻግታል ይባላል፤ አከራዩ ምንጣፉን ያነሳው በአምስተኛው ቀን ነው። ትንሿ ለትንፋሿ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት፣ ኢንሄለር፣ የጀመረችው ያኔ ነው። አልነገርኩሽም ነበር።

ሳሎኑ ደረቅ ነው። ሁልጊዜም ደረቅ ነበር፣ የጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል። እኔና አቡሽ ጓዳ ውስጥ ስናስል ስናድር እሱ ዳንቴል ለብሶ፣ ተቆልፎ፣ እንግዳ ይጠብቅ ነበር። ሐኪሙ አስም ነው ባለሽ ቀን እንኳ ዳማከሴ ጨምቀሽ አጠጣሽኝና እዚያው አስተኛሽኝ። ሌሊቱን ሙሉ ጀርባዬን ስታሺ ማደርሽን አልረሳሁም። ቁልፉም መቀነትሽ ላይ ታስሮ እንደነበር አልረሳሁም።

ይህን ልጽፍ አልነበረም የተቀመጥኩት።

አሁን ደግሞ አንቺ እዚያው ነሽ። ከአባዬ ለቅሶ ወዲህ ሳሎኑ ውስጥ ማን ተቀመጠ? እንግዳው ማነው እማዬ?

ሳልሽ ሦስት ሳምንት አልፎታል። አቡሽ ሰኞ ሐኪም ቤት ይውሰድሽ፤ መድኃኒት ካዘዙልሽ ስለ ጾሙ ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። እኔ ለገና ልመጣ ያልኩት... ስለ እሱ በስልክ እናወራለን። የአሸንዳውን ብር ዛሬ ልኬያለሁ፣ ለእድር እንዳታውዪው።

አልጋሽን አቡሽና ጎረቤቶች ያውጡልሽ። እሑድ ስደውል ከኋላሽ ዳንቴሉን ልየው።

ልጅሽ