ኪሎ ሜትሩ የየትኛው መንገድ ነው?

ለአዘጋጁ፤

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ስንት ነው ብሎ ለጠየቀ ሰው አንዱ 333፣ ሌላው 490፣ ሦስተኛው 565 ኪሎ ሜትር ይለዋል። ሦስቱም አልዋሹም። በየጉዞ ዓምዱ የሚያሳስተው ቁጥሩ የየትኛው መንገድ እንደሆነ ሳይገለጽ መውጣቱ ነው። 333ቱ ከቦሌ እስከ በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ቀጥታ መስመር ነው። 490 ገደማው በሞጣ፣ 565ቱ በደብረ ማርቆስ የሚመጣው የመኪና መንገድ ነው። በየትኛውም ቢመጡ ከጎሐ ጽዮን ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ደጀን ላይ መውጣት አይቀርም፤ የጫነ መኪና እዚያ የሚያጠፋውን ጊዜ ኪሎ ሜትር አይናገርም። ከባሕር ዳር ጎንደርም እንዲሁ ነው፤ በአየር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በመኪና ግን ጣናን በምሥራቅ ዞሮ በወረታ 180 ያህል።

የበረራው ሰዓት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በአገር ውስጥ መስመር የምናውቀው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው400 ቢበዛ በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር ይበራል። 333ን ለዚህ ያካፈለ ሰው 30 ደቂቃ ያገኛል፤ ትኬቱ ግን 1 ሰዓት ይላል። ትኬት የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት እስከ መጨረሻው መቆሚያው ነው። ቦሌ ላይ ወደ ማኮብኮቢያው መጓዝና ተራ መጠበቅ አለ። ከፍታ እስኪይዝ በሙሉ ፍጥነቱ አይሄድም፤ መውረድ ሲጀምርም ይቀንሳል፤ ነፋሱ ካስገደደው በሐይቁ በኩል ዞሮ ይገባል። አየር ላይ የሚቆየው 40 ወይም 45 ደቂቃ ቢሆን ነው። 2 ሰዓት ቀድሞ መድረሱን፣ ሻንጣ መጠበቁንና የከተማውን መንገድ ስትደምሩበት ከቤት እስከ ቤት 4 ወይም 5 ሰዓት ያዙ።

ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ሰው የሚያስቀረው ግን የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ትኬት ላይ 07:00 ማለት ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ቀን 7 ሰዓት መስሎት የመጣ መንገደኛ አውሮፕላኑ ከሄደ 6 ሰዓት አልፎታል። 13:00 ቀን 7 ሰዓት፣ 19:00 ምሽት 1 ሰዓት ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በቦሌ በኩል ውጭ አገር የሚሄድ ሰው በተለይ የሌሊቱን ይጠንቀቅ። ረቡዕ 00:30 የሚል ትኬት እኛ ማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል የምንለው ነው፤ ረቡዕ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚወጣ አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቷል። የጉዞ መረጃ ስታወጡ ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ብታትሙት ቦታው ሁለት መስመር አይፈጅባችሁም።

ከትኬት ሽያጭ ሠራተኞች፣ ባሕር ዳር