በነፃ የሚሰራ የላብራቶሪ ልምምድ ለማን ነው ክፍት?

ለአዘጋጁ፣

ስለ ሳይንስ ተማሪዎች የክረምት ኢንተርንሺፕ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤዋለሁ፣ የብሩ ጉዳይ ግን ተዘሏል። አራት ኪሎ ኬሚስትሪ ወይ ባዮሎጂ የሚማር ልጅ ቤተሰቡ አዲስ አበባ ከሆነ እናቱ ቤት እየበላ ሁለት ወር በነፃ ላብራቶሪ ውስጥ ይሰራና ሲቪው ላይ ያሰፍራታል፣ ከጋምቤላ ወይ ከአፋር የመጣችው ግን ውጤቷ ቢበልጥ እንኳን ካምፓስ ስትለቅ ፒያሳ አካባቢ የቤት ኪራይ ከየት አምጥታ ትክፈል? ሻንጣዋን ይዛ አገሯ ትገባለች፣ በቃ።

ደግሞ የኢንተርንሺፕ ቦታው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ የለውም፣ አስተማሪ የሚያውቀው ልጅ ነው የሚጠራው (እኔም በዛው በር ነው የገባሁት፣ አልዋሽም)።

አሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽኑ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ለዲግሪ ተማሪዎች የክረምት ሪሰርች አበል የሚከፍልበት ፕሮግራም አለው። እኛ ጋ ያን ያህል ባጀት ባይኖርም ዩኒቨርሲቲው አንድ የሪሰርች ፕሮጀክት ሲያጸድቅ ቢያንስ የአንድ ተማሪ የሁለት ወር አበል እዛው ውስጥ ይያዝ፣ ከክፍለ ሀገር ለመጡት ዶርም ክረምቱን ክፍት ይሁን፣ ቦታውም እስከ ግንቦት በቦርድና በቴሌግራም ይለጠፍ።

አንድ የአራት ኪሎ ምሩቅ