የደመወዝ ግብሩ ስሌት፦ ለፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አባላት፣

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ ሐምሌ 2017 ላይ የገቢ ግብር ማሻሻያው ሲጸድቅ ከግብር ነጻ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ያንሳል ያሉ አባላት ነበሩ፤ አልሰመረላቸውም። የመንግሥት ወገን መከራከሪያ የታወቀ ነው፦ አገሪቱ የምትሰበስበው ግብር ከኢኮኖሚዋ ስፋት አንጻር ትንሽ ነው፣ ገቢ ያስፈልጋል። እውነት ነው። ጥያቄው ግን ከማን ኪስ የሚለው ነው።

ከ600 ወደ 2,000 ሲባል ጆሮ ላይ ደስ ይላል። እስቲ ወደ ዶላር እንመንዝረው። አሮጌው የደመወዝ ግብር ሰንጠረዥ በ2008 ሲወጣ ዶላር 22 ብር አካባቢ ነበር፤ 600 ብር 27 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። ማሻሻያው ሲጸድቅ ግን ብር ለገበያ ከተለቀቀ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዶላርም ከ130 ብር አልፏል። 2,000 ብር 15 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ከግብር ነጻ የሆነው ወለል ከፍ አለ ወይስ ወረደ?

ጣሪያው ይብሳል። 35 በመቶ የሚባለው ትልቁ ምጣኔ ያኔ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር፣ 500 ዶላር ገደማ። በማሻሻያው ከ14,000 ብር በላይ ሆነ፣ በጸደቀበት ጊዜ ምንዛሪ 100 ዶላር ቢበዛ ትንሽ ፈቀቅ ያለ። አስቤዛ የሚሸመተው በዶላር አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ዘይቱ፣ ነዳጁና መድኃኒቱ ከየት እንደሚመጣ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ መስከረም 2018 ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተጨመረ። የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ሄደ፣ ጭማሪው 4,560 ብር። በአዲሱ ሰንጠረዥ ግን ግብሩም ከ888 ወደ 2,100 ብር ይዘላል። ከጭማሪው 1,212 ብር ወዲያው ወደ መንግሥት ካዝና ተመለሰ ማለት ነው፣ የጡረታ መዋጮውን ሳልቆጥር። ጀማሪው ሠራተኛ የ30 በመቶው እርከን ውስጥ ገባ። ሀብታም ሆኖ አይደለም።

ሰንጠረዡ ዘጠኝ ዓመት ሳይነካ ቆይቶ ስለነበር፣ የዋጋ ንረቱ ራሱ፣ ደመወዙን በቁጥር ብቻ ወደ ላይኛው የግብር እርከን እየገፋ፣ ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት ግብር ሲጨምር ከርሟል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ግብር መጨመር የእናንተ ሥልጣን ነው፤ መጨመር ካለበት እጅ አውጥታችሁ ጨምሩት እንጂ ንረቱ አይሥራላችሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ወለሉና እርከኖቹ በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር እንዲስተካከሉ የሚያስገድድ አንቀጽ አዋጁ ውስጥ ይግባ። ሁለተኛ፣ አንድ አባል ወለሉ 5,000 ይሁን ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ መንግሥት ስንት ብር እንደሚያጣ በቁጥር ተሰልቶ ምክር ቤቱ ፊት ይቅረብ። «ገቢ ይቀንሳል» ብቻውን መልስ አይሆንም። ስንት ይቀንሳል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ተገዢነታችሁ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናችሁ ብቻ ነው ይላል። በምክር ቤት ለሰጣችሁት አስተያየትም አትከሰሱም። ስለ ደመወዝተኛው የምታስቡትን በይፋ ብትናገሩ፣ የምንስማማም የማንስማማም ቢያንስ ማን ምን እንደሚያምን አውቀን እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ደመወዝተኛ ግብር ከፋይ