ቲማቲም ስለተጫነበት ቡፌ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለጭነት ማመላለሻ ድርጅታችሁ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዳማ

ጉዳዩ፦ ከአዳማ ወደ ሐዋሳ ሲጓጓዝ ጉዳት ስለደረሰበት ቡፌ

ጤና ይስጥልኝ።

ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከአዳማ ወደ ሐዋሳ አንድ ቡፌ በመኪናችሁ ልኬ ነበር። በማግስቱ ደርሷል። መድረሱንማ ደርሷል። ደንበኛዬ በቴሌግራም የላኩልኝን የመጀመሪያ ፎቶ ሳየው ግን ነገሩ ቶሎ አልገባኝም። የመሳቢያው የቁልፍ ቀዳዳ ላይ ትንንሽ ቢጫ ነገር ተጣብቋል። ፎቶውን አሳድጌ አየሁት። ፍሬ ነው። የቲማቲም ፍሬ።

ከዚያ ወዲህ ቢሯችሁ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ። ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አልቆጠርኩም። የማገኘው መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እህቴ፣ አሮጌ ዕቃ እኮ ነው።» መጨረሻ ላይ «ለማስታመሚያ» ተብሎ 1,500 ብር ልትሰጡኝ ፈቀዳችሁ። አልተቀበልኩም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለገንዘቡ ብቻ ብዬ አይደለም። «አሮጌ» የምትለዋ ቃል ስላልዋጠችልኝ ጭምር ነው።

ሥራዬ ይኸው ነው። የድሮ የቤት ዕቃ እገዛለሁ፣ ግቢዬ ውስጥ ባለች የቆርቆሮ ጥላ ሥር አድሳለሁ፣ እሸጣለሁ። ቡፌ፣ ቁምሳጥን፣ ኮመዲኖ፣ የምግብ ጠረጴዛ። ከባድ ከባዱን የሚያነሳልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ንግድ ፈቃድ አለኝ፣ ግብር እከፍላለሁ። እናንተ አሮጌ የምትሉት የልጆቼ እንጀራ ነው።

ይህን ቡፌ ያገኘሁት ወንጂ ነው። ስኳር ፋብሪካው በሆላንዶች ኩባንያ እጅ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በዚያ አካባቢ ጥሩ ጥሩ የቤት ዕቃ የያዘ ቤተሰብ አይጠፋም። የሸጡልኝ ከፋብሪካው ጡረታ የወጡ አንድ አባት ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት ነው። በ11,000 ብር ገዛሁት። ሲሸጡልኝ «ይኼን አረንጓዴ እንጨት ምን ልታደርጊው ነው?» ብለው ስቀውብኛል።

እውነታቸውን ነው፣ አረንጓዴ ነበር። በዘይት ቀለም ተለቅልቋል። ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ክሬም። የድሮ ቀለም ሊድ የሚባለው መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አልፍቀውም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ጠብቄ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ እያረጠብኩ ነው የማነሳው። በስድስተኛው ቀን ከበሩ ጥግ አንድ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ነጻ ወጣች። ዋንዛ! ያውም ወጥ ጣውላ። መሳቢያዎቹ ላይ አንዲት ምስማር የለችም፤ እንጨቱ ጥርስ ወጥቶለት እርስ በርሱ ተቆላልፎ ነው የተያያዘው። እንዲህ አድርጎ የሚሠራ አናጺ ዛሬ ብትፈልጉ በስንት ልመና ነው።

ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። በሻካራው 80 ቁጥር ይጀመራል፣ በ120 እና በ180 ያልፋል፣ በለስላሳው 220 ያልቃል። ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ። መስመሩን አቋርጦ የተፋቀ እንጨት ጉዱ የሚወጣው ቫርኒሽ ሲነካው ነው፤ ያኔ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ቫርኒሹን ሦስት ጊዜ ቀባሁት። አዳማ ላይ ቫርኒሽ መቀባት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በከተማችን ዙሪያ ያሉትን ከ100 በላይ ተርባይኖች የሚያዞረው ንፋስ እርጥብ ቫርኒሽ ላይ አቧራ ለመበተንም አይሰንፍም። ስለዚህ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ፣ ንፋሱ ሳይቀድመኝ ነው የምቀባው። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ጊዜ ሌባ መስያቸው ነበር።

ቫርኒሽ በማግስቱ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል። በደንብ እስኪጠነክር ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ለዚህ ብዬ ደንበኛዬን አስታግሼ ቡፌውን ሦስት ሳምንት አቆየሁት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እናንተ ያመጣሁት። የተሸጠው በ58,000 ብር ነው።

አሁን ወደ ጭነቱ ልምጣ። ቡፌውን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ማዕዘኖቹን በካርቶን ሸፈንኩ። በቁሙ እንዲጫን፣ ላዩ ላይ ምንም እንዳይቀመጥ ለጫኞቹም ለሾፌሩም ነገርኩ። ደረሰኙ ላይም «ላዩ ላይ አይጫን» ተብሎ በእጅ ተጽፏል፤ ቅጂውን አያይዣለሁ። የቡፌውን ቁልፍ በፖስታ አድርጌ ለረዳቱ ሰጠሁት። «አታስቢ፣ እንደ እንቁላል ነው የምንይዘው» አለኝ።

መንገድ ላይ የሆነውን ያወቅኩት ከራሱ ከሾፌሩ ነው። ደውዬ ስጠይቀው ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ፣ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት እሱ ብቻውን እንዲቀጣም አልፈልግም። መቂ ላይ ቲማቲም በሳጥን ተጫነ። ቦታ ጠበበ። ቡፌው በጀርባው ተጋደመ። ሳጥኖቹ በሮቹ ላይ ተደረደሩ። ብርድ ልብሱስ? ብርድ ልብሱ ተገፎ ሳጥኖቹ ሥር ተነጠፈ፤ ቲማቲሙ እንዳይላላጥ። ለቲማቲሙ ታዝኖለታል ማለት ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር በናይሎን ገመድ ጥርቅም ተደርጎ ታሰረ። ሻሸመኔ ላይ ቲማቲሙ ሲራገፍ ቡፌውን ሁለት ሰዎች በአንድ እግሩ ላይ ጎትተው አቆሙት። እግሩም ተሰበረ።

ደንበኛዬ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። እንደ ሌላ ሰው ቢሆኑ ስልክ ላይ ይጮሁብኝ ነበር። እሳቸው «ልጄ፣ አንቺ አጥፍተሽ አይደለም፣ ግን ኑ እዩልኝ ያልኩት እንግዳ ሲመጣ ምን ልበል?» ብቻ ነው ያሉኝ። ጩኸቱ በተሻለኝ።

ሐዋሳ ወርጄ በዓይኔ አየሁት። ቢሯችሁ ውስጥ «ትንሽ ጭረት» ስለተባለ የጉዳቱን ነገር በደንብ ላስረዳ። ገመዱ የላይኛውን ጣውላ ጠርዝ ከመቂ እስከ ሻሸመኔ ሲፈትገው ስለዋለ ሦስት መስመር ቆርጦበታል። የአንዱ ጥልቀት ጥፍሬን ያስገባል። ከቲማቲሙ የወረደው ውኃ ደግሞ በሩ ላይ አድሮ ነጣ ያለ ምልክት ትቷል። ሠራተኛችሁ «እዚያው ቦታ ላይ ትንሽ ቫርኒሽ ቀባ አድርጊበት» ብሎኝ ነበር። ቫርኒሽ እንደ ፕላስተር ቁስል ላይ ብቻ አይለጠፍም። አንድ ቦታ ብቻ ከቀባችሁት ዳር ዳሩ ይታያል፤ ምንጣፍ ላይ እንደተጣፈ ጨርቅ። ስለዚህ የላይኛው ጣውላና የበሩ ፊት ሙሉ በሙሉ ተፍቀው እንደ አዲስ መቀባት ነበረባቸው።

መስታወቱ የባሰ ነው። የቡፌው ሁለት በሮች አበባ አበባ ያለበት ፈዘዝ ያለ የድሮ መስታወት ነበራቸው። የተሰበረው አንዱ ነው። ያንን ዓይነት አበባ አዳማም ሐዋሳም ዞሬ አላገኘሁም። አንዱ በር አበባ፣ አንዱ በር ሌላ ሆኖ አይሆንም፤ ደህናውንም አውጥቼ ሁለቱንም ቀየርኩ። ደህናውን መስታወት ሳወጣው እጄ ተንቀጥቅጧል። እግሩ በቶርኖ፣ እንጨት እያሽከረከረ በሚቀርጽ ማሽን፣ የወጣ ነው። በእሱ ልክ ለማስወጣት የደረቀ ዋንዛ ያስፈልጋል፤ እርጥብ እንጨት ብትገጥሙለት ሲደርቅ ይሰበሰብና መገጣጠሚያው ይላላል። ዋንዛ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ ከየትም ተቆርጦ የሚመጣ አይደለም። ከአንድ ከተጣለ ቁምሳጥን ቁራጭ አግኝቼ ነው የተገላገልኩት።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት አልደብቅም። ዕቃውን ሳስመዘግብ ሠራተኛችሁ ዋጋ ጠየቀኝ። 58,000 ብር አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «ለአሮጌ ቡፌ?» አለ። ከዚያ ቅጹ ላይ «ያገለገለ የቤት ዕቃ፣ 1» ብሎ ጻፈና የዋጋውን ቦታ በሰረዝ አለፈው። ወረፋው ረጅም ነበር፣ ከኋላዬ ያሉት ይነጫነጫሉ። እኔም ፈርሜ ወጣሁ። «ዋጋውን ካልጻፍክ አልፈርምም» ማለት ነበረብኝ። መስታወት ያላቸውን በሮች ነቅዬ ለብቻ መላክም እችል ነበር። ከአሁን በኋላ እንዲያ ነው የማደርገው።

ግን የሰረዟን ነገር እናንተም አስቡበት። ዛሬ የምታሳዩኝ ያችኑ ሰረዝ ነው። «ዋጋ አልተመዘገበም፣ ስለዚህ መክፈል የምንችለው ይኼን ያህል ነው» ትሉኛላችሁ። ዋጋውን ተናግሬ ያልጻፈው ማን ነው? ቡፌውን የጫነችው አይሱዙ እራሷ እኮ ትናንት የተገዛች አይደለችም። ታድሳ፣ ቀለም ተቀብታ፣ ሞተሯ ተፈትሾ ነው የምትሠራው። አሮጌ ናት ብሎ በ1,500 ብር የሚገምታት ሰው ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ?

አሁን የምጠይቀውን ልጻፍ። የከፈልኩት የማጓጓዣ 4,200 ብር እንዲመለስልኝ። ለሁለቱ መስታወቶች 2,400፣ እግሩን ለማስቀረጽና ለማስገጠም 3,500፣ ለቫርኒሽ፣ ለቲነርና ለብርጭቆ ወረቀት 2,900 ብር አውጥቻለሁ። ሐዋሳ ደርሼ ለመመለስና ለሁለት ሌሊት ማደሪያ 1,800 ብር። ደንበኛዬ ባይጠይቁኝም ከዋጋው ላይ 8,000 ብር ቀንሼላቸዋለሁ፤ የሳሎናቸውን መልክ አበላሽቼ ሙሉ ዋጋ መቀበል አልቻልኩም። ድምሩ 22,800 ብር ነው። ደረሰኝ ያላቸውን በሙሉ አያይዣለሁ። እዚያ ወርጄ የሠራሁበትን የራሴን ጉልበት አልጨመርኩም። እሱን ትቼላችኋለሁ።

ከገንዘቡ ሌላ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ቅጻችሁ ላይ ያለው የዋጋ ቦታ በሰረዝ እንዳይታለፍ። ደንበኛው የነገራችሁ ዋጋ ካላሳመናችሁ ማስረጃ ጠይቁት፣ ወይም ዕቃውን አልጭንም በሉት። ሁለተኛ፣ መምህርቷን በስልክ ይቅርታ እንድትጠይቁልኝ። ስልካቸውን ሠራተኛችሁ ያውቀዋል፤ ዕቃውን ሲያስረክብ ያስፈረማቸው እሳቸውን ነው። እኔን ይቅርታ ባትጠይቁኝ ግድ የለም።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ መልስ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ጉዳዩን ወደ ሌላ ቦታ አልወስድም። ከተማችን ውስጥ በተመጣጣኝ ዋጋ በየቀኑ ወደ ሐዋሳ የሚጭን ብዙ የለም፣ እኔም ከእናንተ ጋር መጣላት አያዋጣኝም። በቀጣዩ ወር የምልከው ቁምሳጥን አለኝ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ለረዳታችሁ የሰጠሁት ቁልፍ ሐዋሳ አልደረሰም። ትንሽ የነሐስ ቁልፍ ናት፣ ቀይ ክር ታስሮባታል፣ ነጭ ፖስታ ውስጥ ነበረች። የመሳቢያው ቁልፍ ከቡፌው ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ ምትክ የለውም። እባካችሁ ጋቢናው ውስጥ፣ ከመቀመጫው ሥርም ጭምር አስፈልጉልኝ። ከተገኘች ወደ ሐዋሳ አትላኳት። ቢሮ ይዛችሁ አስቀምጡልኝ፤ ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቡፌው ላኪ፣ ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የደረሰኝ ቅጂ፣ የወጪ ደረሰኞች፣ 9 ፎቶዎች