ለእምዬ፣ ስለ ስለትሽ ገድል

እምዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ብርዱም ሥራውም ተለምዷል። ዝም ያልሁት ረስቻችሁ አይደለም፤ እንዲያ ብላችሁ አትዘኑብኝ።

የወለተ ጴጥሮስን ገድል በብራና ለማስጻፍ የተሳልሽው እንዲደርስ የላክሁት ገንዘብ ከደረሰ በኋላ «ለእኅቱ ሠርግ ዳስ ይዋል፤ ባሏን ትታ የመነነች ሴት ገድል በሠርግ ሰሞን አይጻፍም» መባሉን ሰማሁ። ይሄ አይሆንም። መጀመሪያ የግፊት መድኃኒትሽ ከደብረ ማርቆስ ይገዛ፣ ቀጥሎ ስለትሽ ይድረስ። ለዳሱ ሌላ እልካለሁ፤ ከየት ያመጣል ብለሽ አትጨነቂ።

ወለተ ጴጥሮስ ትዳር ንቃ አልወጣችም። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ ነበር። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ሲገደሉ እጁ እንዳለበት በሰማች ጊዜ ነው አብሬው አልኖርም ያለችው። ከዚያ በፊት ሦስት ልጆቿን በሕፃንነታቸው ቀብራለች። ንጉሡ ያወጀውን የሮምን፣ የካቶሊክን ሃይማኖት አልቀበልም ብላ ዠበይ ወደሚባል አገር ሦስት ዓመት ተግዛለች። ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. የተዋሕዶን ሃይማኖት ለሕዝቡ መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ሲለቅም እሷ ማኅበሯን ይዛ ጣና ዙሪያ ነበረች፤ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመቷ አርፋ ጣና ላይ ባለችው በሬማ ደሴት ተቀበረች። ገድሏን መነኩሴው ገላውዴዎስ የጻፈው ካረፈች በ30 ዓመቷ ነው፣ አብረዋት የኖሩት ሲናገሩ ሰምቶ። ስትቆጣም ስትታመምም የምትታየው ለዚህ ይመስለኛል፤ እኔ ከገድል ሁሉ አብልጬ የምወደውም ስለዚሁ ነው። እኅቴ ስሟን በክርስትና ተቀብላ ታሪኳን ብትፈራ ያሳዝነኛል። ይህን አንብቡላት።

አንተ ወንድሜ፣ ከዚህ በታች ያለው ላንተ ነው። ከገበያ የተዘጋጀ መጽሐፍ አትግዛ፤ ቁም ጸሐፊ ፈልግ። ቆዳው የፍየል ይሁን፤ የበግ ስብ ስለሚበዛው ቀለም አይዝለትም። ሲገፈፍ ቆመህ እይ። ቢላ የጫረው ቦታ ሲወጠር ክብ ቀዳዳ ይሆናል፣ ያ ቀዳዳ ደግሞ መስመር ይበላል። ለመካከለኛ መጽሐፍ ከአንድ ፍየል ከሁለት ሦስት ሉክ፣ ማለት ለሁለት ከሚታጠፍ የብራና ቁራጭ፣ በላይ አትጠብቅ። አራት ሉክ ታጥፎ አንድ ጥራዝ፣ ስምንት ቅጠል ነው። የጠጉሩ ገጽ ከጠጉሩ፣ የሥጋው ከሥጋው ጋር ካልገጠመ ሲገለጥ አንዱ ነጭ አንዱ ቢጫ ሆኖ ያስጠላል።

ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ካረረ እህልና ከሙጫ ተዘጋጅቶ ወራት የቦካ መሆኑን ጠይቅ። የተቸኮለበት ቀለም እርጥብ ጣት ሲነካው ይለቃል። ጸሐፊው በቀይ የሚጻፈውን የቅዱሳን ስም ቦታ ክፍት ትቶ ኋላ ስለሚሞላ፣ አንዳንዱ ተረስቶ ባዶ ይቀራል። አንድ ቃል በአንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ሲመጣም ዓይኑ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይዘልና መካከሉ ይጠፋል። ስለዚህ ሳይጠረዝ ሁለት ሆናችሁ አመሳክሩት፤ አንዱ ዋናውን ያንብብ፣ ሌላው አዲሱን በጣቱ ይከተል። ከተጠረዘ በኋላ ሉክ መለወጥ መከራ ነው። ተአምሩና መልክዑ፣ ማለት የምስጋና ግጥሙ፣ አብሮ መኖሩንም እይ። ሽፋን የሚሆነው ገበታ ከደረቀ ዋንዛ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ይጎብጥና ብራናውን አብሮ ያጎብጠዋል። መጽሐፉ የሚገባበትን የቆዳ ማኅደር አስለፋ፤ ከአይጥና ከርጥበት ርቆ ከፍ ብሎ ይሰቀል።

እምዬ፣ ለጥር ሠርግ ብላችሁ ጸሐፊውን አታጣድፉት፤ ለሚመጣው ኅዳር 17 ቢደርስ ይበቃል። እኔማ እኅቴ ስትታጭም አልነበርሁ፣ ስትዳርም ልቀር ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ ቢያልቅልኝ በእግሬም ብሆን እመጣ ነበር። ከቤት ስትወጣ እጇን ማን ይዟት ይሆን? እያልሁ ሌሊቱ ይነጋል። ጫጫታው፣ ጠላው፣ የአንቺ እልልታ... ተይው።

በገድሉ መጨረሻ «ያጻፈችው» በሚለው ላይ ያንቺ የክርስትና ስም በቀይ ይግባ፤ ቀጥሎ የአባቴ፣ የእኅቴና የባሏ። የእኔ ከሁላችሁ በኋላ ይሁን። መድኃኒቱን ማታ ማታ ሳትረሺ ዋጪ፤ ግፊትሽ ስንት እንደሆነም ወንድሜ ይጻፍልኝ።

ልጅሽ